የሦስት ቁጥር ብስክሌት አሞርዛተር

«ብስክሌቱ ደህና ነው። ጠዋት እኔው ነድቼዋለሁ። አሞርዛተሩ እንደ ፍራሽ ነው፤ ያን ሁሉ ኮረት ሳላውቀው ነው የጨረስኩት።»

«ቁልቁለቱ መሃል ላይ አሞርዛተሩ ቁጭ አለ። ቁጭ እንዳለ ቀረ፣ አልተነሳም። ብስክሌቱ ቆመ፤ እኔ በላዩ አልፌ ሄድኩ።»

የመጀመሪያውን ቃል የሰጠው የጤና ጣቢያችን የክትባት ሠራተኛ ነው። ሁለተኛውን የሰጠችው አዋላጅ ነርሳችን ናት። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ብስክሌትና ስለ አንድ ቀን ነው። እሱ ከወረደበት ሰዓት እሷ እስከወደቀችበት ሰዓት ድረስ አራት ሰዓት አይሞላም። በመካከል ብስክሌቱን የነካው ሰው የለም፤ ግቢያችን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። ከሁለት አንዳቸው ዋሽተዋል ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እንደዚያ ነው። ነገሩን እስከ ሥሩ ስከታተለው ግን ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። የዋሸ ነገር ቢኖር አንድ ደብተር ነው። ያንን ደብተር ደግሞ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ይህን ታሪክ የምጽፈውም ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ እንደኔ ያለ ደብተር በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ተከፍቶ እንደሚገኝ ስለማውቅ ነው።

ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነው። ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት ወለደች፣ ስንት ሰው ሳል ይዞት መጣ፣ ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ አስገብቼ በወሩ መጨረሻ ወደ በላይ እልካለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የእርዳታ ድርጅት አምስት የተራራ ብስክሌቶች ሲሰጠን የእነሱም ጉዳይ በእኔ ላይ ተደረበ። መኪና የማይገባባቸው ሰፈሮች አሉን፤ መንገዳቸው ኮረትና ቦረቦር ነው፣ መጨረሻው ደግሞ አንድ ረጅም ቁልቁለት። በእግር ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ በብስክሌት ሃምሳ ደቂቃ ሆነልን።

የብስክሌቶቹ ትልቁ ነገር የፊት አሞርዛተራቸው ነው። የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ አቅፈው የያዙት ሁለት እግሮች፣ ልክ እንደ መኪና አሞርዛተር፣ ወደ ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ፤ የድንጋዩን ምት ከነጂው እጅና ትከሻ ላይ ያነሳሉ። የእኛዎቹ ውስጣቸው ሞላ የለም። ነጂውን የሚሸከመው የታመቀ አየር ነው። ድርጅቱ ለዚህ ሁሉ የጠየቀን ውለታ አንድ ብቻ ነበር፤ ነጂዎቻችን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ስለ አሞርዛተሩ ያገኙትን ተሞክሮ እንዲጽፉ።

ደብተር ገዝቼ አሰመርኩ። ቀን፣ የብስክሌት ቁጥር፣ የነጂው ስም፣ የሄደበት ሰፈር፣ የመውጫ ሰዓት፣ የመመለሻ ሰዓት፣ ፊርማ። ይህን ሁሉ ካሰመርኩ በኋላ በገጹ ዳር አንዲት ጠባብ ቦታ ተረፈች። እሷን «የአሞርዛተር ሁኔታ» ብዬ ሰየምኳት። የአውራ ጣት ስፋት አላት። የተጠየቅነው ብቸኛ ነገር ከሁሉ የጠበበችው ቦታ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ያኔ ግን አልታየኝም። እንዲያውም የመስመሬ ቀጥ ማለት ደስ ብሎኝ ነበር።

እዚያች ቦታ ውስጥ የሚገባው ቃል አንድ ነው። ሰዎቻችንም አላሳፈሩኝም። ደህና። ደህና። ደህና ነው። ደህና። ይህንንም ለመጻፍ የሰነፈው ሁለት ጭረት ጣል አድርጎ የላይኛውን ሰው ደህና ይወርሳል። አንዳንዱ ገና ሳይወጣ «ደህና» ብሎ ፈርሞ ነው ብስክሌቱን የሚይዘው። አንድ ቀን አንዱን ይዤ «ሳትነዳው በምን አወቅክ?» ብለው፣ «ክፉ አታሟርትብኝ!» ብሎኝ ሄደ።

ኋላ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ መስመር ተሞልቷል። ከደህና ሌላ የሆነ ነገር የተጻፈው በአራቱ ላይ ብቻ ነው። ሦስቱ «በጣም ደህና» ይላሉ። አራተኛው «ዝናብ» ይላል።

ሲስተር የወደቀችው ማክሰኞ ነው። አዋላጅ ነርሳችንን ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ሰዎች ተሸክመው ዋናው መንገድ አደረሷት፤ ከዚያ አሸዋ የጫነ መኪና አመጣት። በአንገቷና በትከሻዋ መካከል ያለው አጥንት ተሰብሯል፤ ፊቷ በአንድ ወገን ተልጧል። ከመኪናው ሳትወርድ የተናገረችው ግን ስለ አጥንቷ አልነበረም።

«ከቁልቁለቱ በታች አራስ አለች፤ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ደም እየፈሰሳት ነው ብለው ደውለውልኛል። ሳላያት ነው የወደቅኩት። ሰው ላኩ! እኔን ተዉኝና ሰው ላኩ!»

ብስክሌት የሚነዳ ሌላ አዋላጅ ስለሌለን፣ ሌላ ነርስ በእግር ተላከች። አራሷ በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ተረፈች። ሐኪሙ ግን «አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ እንደተወው ሰምተናል።

በማግስቱ ጠዋት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠራኝ። ኃላፊያችን ሥራ ወዳድ ሰው ናቸው፤ ክፉም አይደሉም። ችግራቸው ነገር ቶሎ ማለቁን መውደዳቸው ነው።

«ይኸውልህ» አሉኝ፣ «ያኔውም ፈርቼው ነበር። ሴት ልጅና ቁልቁለት አይስማሙም። ሲስተር ከዛሬ ጀምሮ ከመስክ ወጥታ ካርድ ክፍል ትቀመጣለች። የሩቁ ሰፈር ዙር ወንድ አዋላጅ እስኪቀጠር ይቆይ።»

«ወንድ አዋላጅ መቼ ነው የሚቀጠረው ጋሼ?»

«እሱን የበላይ አካል ያውቃል።»

የበላይ አካል የሚያውቀውን ነገር እኛ የምናውቀው በሁለት ዓመታችን ነው። በሩቁ ሰፈር በዚያ ወር ብቻ አሥራ ሰባት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ሁሉንም በስም የምታውቃቸው ሲስተር ናት።

«ምናልባት ጥፋቱ የብስክሌቱ ቢሆንስ?» አልኩ።

«የብስክሌቱ? እስቲ ደብተርህ ምን ይላል?»

ከፈትኩት። የማክሰኞ ጠዋት መስመር፣ ሦስት ቁጥር፣ የክትባት ሠራተኛው ፊርማ። «ደህና ይላል።»

«ሰኞስ?»

«ደህና።»

«ያለፈው ሳምንት?»

«ደህና፣ ደህና፣ ሁለት ጭረት፣ ደህና።»

«በቃ! ብስክሌቱ ደህና ከነበረ ያልሆነላት ነጂዋ ናት። ደብተሩን ከዝውውር ደብዳቤዋ ጋር አያይዘህ አምጣልኝ። ዓርብ ስብሰባ ላይ ይነበባል።»

ተመልከቱ እንግዲህ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ደህና ተሰልፎ በአንዲት ሴት ላይ ሊመሰክር ተዘጋጀ። ለሁለት ዓመት ማንም ያላነበበው ደብተር ድንገት ማስረጃ ሆነ። እኔን ያንገበገበኝም ይህ ነው። ስንጽፈው ቀልድ ነበር፤ ሲነበብ ፍርድ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ሲስተር ቤት ሄድኩ። በግራ እጇ ብቻ የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ለመቆለፍ ትታገላለች። ልጅቷ «እማዬ፣ ተይው፣ እኔ ራሴ እችላለሁ» ትላለች፤ እናትየው አትሰማም።

«እንዴት ነሽ ሲስተር?»

«ደህና ነኝ።»

ሁለታችንም አንገቷ ላይ የታሰረውን ክንዷን አየነው። ሳቅ አመለጠን፤ እሷ ግን ሳቁ ትከሻዋን ወጋትና ፊቷ ተኮማተረ።

«አታስቀኝ፣ ያመኛል» አለች። «ለመሆኑ ካርድ ክፍል ነው አሉ? ወሬው ቀድሞህ መጥቷል።»

«ደብተሩ ብስክሌቱ ደህና ነበር ይላል።»

«ደብተሩ!» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ሰኞ ዕለት ይኼው ሦስት ቁጥር ምን እንዳደረገኝ ታውቃለህ? አሞርዛተሩ እንደ መጥረቢያ እጀታ ደርቆ፣ እያንዳንዱ ጠጠር ጥርሴ ድረስ ሲሰማኝ ነው የዋለው። ማክሰኞ ስወጣ ደግሞ እንደ ሊጥ ሆኗል። ሜዳው ላይ 'ጎሽ፣ ዛሬስ ለሰለሰ' ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ! ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ አቀረቀረ፣ አቀረቀረና አልተመለሰም።»

«ሰኞ ደርቆ ከዋለ፣ ሰኞ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ሸሚዙን ለልጇ ለቀቀችላት።

«ሲስተር?»

«ደህና ብዬ ነዋ!» አለች በብስጭት። «ምን እንድል ፈልገህ ነው? አንተ 'ደረቀብኝ' ብትል ብስክሌቱ ደረቀ ይባላል። እኔ ብል 'ይኸው፣ ብለን ነበር፣ አልቻለችም' ነው የሚባለው። ስለዚህ ዋጥ አድርጌ ደህና አልኩ። አየህ? የራሴን ምስክር በራሴ እጅ ቀብሬዋለሁ።»

ከዚያ ወጥቼ ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ጠጋኙ በመንገዱ ጥግ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ብስክሌትና ሞተር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው ረጋ ያለ ነው፤ ምላሳቸው ግን አያርፍም። የጤና ጣቢያውን ትንሽ መንፊያም ይዤላቸው ነበር፤ ለአሞርዛተር ተብላ የተሠራች፣ የአየሩን ልክ የምታሳይ መለኪያ ያላት ናት።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ጠዋት ደህና ነበር፤ ከሰዓት ሰው ጣለ።»

«ደህና!» አሉ፤ ቁልፋቸውን ጣሉት። «አርባ ዓመት ሙሉ የገደለኝ ይህ ቃል ነው። ሰው ሞተሩን እየገፋ ይመጣል። 'ምን ሆነ?' እለዋለሁ። 'ደህና ነው ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ' ይለኛል። ከፍቼ ሳየው ውስጡ ዱቄት ሆኗል! ደህና ከሆነ ለምን አመጣኸው? ልትጠይቀኝ ነው?»

እያጉረመረሙ ሥራቸውን ጀመሩ። መጀመሪያ የአሞርዛተሩን እግሮች በጨርቅ ጠርገው ዘይት ያንጠባጠበ እንደሆነ አዩ። ደረቅ ነው። ተጫኑት፤ ያለ ድምፅ እስከ መጨረሻው ገባ። ከግራው እግር ጫፍ ላይ ትንሿን ክዳን ፈትተው መንፊያዋን ገጠሙ። መለኪያው ሠላሳ ላይ ቆመ።

«ነጂዋ ስንት ኪሎ ናት?»

«ስልሳ ስምንት። ከፊት ደግሞ የማዋለጃ ቦርሳዋ አለ፤ ዘጠኝ ኪሎ።»

«ለእሷ ሰማንያ ግድም ነበር የሚገባው። ሠላሳ ማለት ባዶ ነው። ሜዳ ላይ ይመቻል፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሲመጣ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ነጂው ይበራል።»

«አየሩ ሾልኮ ይሆን?»

«ከየት? ማገጃ ጎማው አዲስ ነው። ይህ አየር በራሱ እግር አልሄደም ልጄ፤ ሰው ሸኝቶታል። ከእሷ በፊት የነዳው ማነው?»

«የክትባት ሠራተኛው። ላባው።»

ላባው የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ሃምሳ አንድ ኪሎ ነው።

«እህ!» አሉ ሽማግሌው፤ ሁሉ ነገር ተገለጠላቸው። «ከእሱ በፊትስ የሞላው?»

የመንፊያዋን የመውጫ ቅጽ አወጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፤ እኛ ጎተራው የምንለው፣ መቶ አራት ኪሎ የሚመዝነው ሰው። እሱ ለራሱ ልክ ሞላው። ሰኞ ሲስተር በጎተራው ልክ ነዳች፤ ደረቀባት። ማክሰኞ ጠዋት ላባው ለራሱ ልክ አስተነፈሰ። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ሲስተር በላባው ልክ ወጣች፤ ወደቀች። አየሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲጎተት ሁሉም «ደህና» እያለ ይፈርማል።

«ይህችን መንፊያ የት ነው የምታስቀምጧት?» አሉኝ ጠጋኙ።

«ቁም ሣጥን ውስጥ። ተቆልፎባት። ለማውጣት ቅጽ ተሞልቶ ኃላፊው ይፈርሙበታል።»

«ቅጹን ማን አዘጋጀው?»

«እኔ።»

«አየሩን ለማስተንፈስስ ምን ያስፈልጋል?» አሉና የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አሳዩኝ። «ይኸው። ይኼ ቅጽ የለውም።»

መሙላቱን አስቸጋሪ፣ ማጉደሉን ቀላል ያደረግኩት እኔ ነበርኩ።

ወደ ጤና ጣቢያው ስመለስ ላባው የክትባት ክፍል ውስጥ ነበር። ፍሪጁን ከፍቶ የሙቀት መለኪያውን ዝቅ ብሎ ያነባል።

«ላባው፣ ማክሰኞ ጠዋት የሦስት ቁጥርን አየር አስተንፍሰሃል?»

«ትንሽ» አለ ሳይዞር። «ጎተራው ቋጥኝ አድርጎት ነበር። እኔ እላዩ ላይ ስወጣ መኖሬንም አያውቅም። ድንጋዩ እያነጠረኝ እንዴት ልሂድ?»

«ጻፍከው?»

«ምኑን ነው የምጽፈው? 'ፍሽሽ አድርጌአለሁ' ብዬ?»

«ሲስተር በዚያ ነው የወደቀችው።»

አሁን ዞረ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ክርክር መጣ። ይህን ፊት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም አንድ ቀን ለብሰነዋል።

«ቆይ፣ ቆይ። ለእኔ ደህና ነበር። ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። ዋሸሁ?»

«አልዋሸህም።»

«ታዲያ! ማየት የነበረባት እሷ ናት። እኔ የማንን ኪሎ ላስብ ነው? ሚዛን ይዤ ልዙር?»

ልከራከረው ነበር። ዓይኔ ግን ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ዐረፈ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በላባው ጥርት ያለ ጽሕፈት፤ አራት ነጥብ አንድ፣ አራት ነጥብ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። አንድ ቀን አልተዘለለም። በበዓል ቀን እንኳ መጥቶ አንብቦ ይሄዳል።

«ፍሪጁ ዛሬ እንዴት ነው?» አልኩት።

«አራት ነጥብ ሁለት።»

«ለምን ደህና ነው ብለህ አትጽፍም?»

«ደህና ምን ማለት ነው?» አለ ተቆጥቶ። «ቀልድ መሰለህ እንዴ? ነገ የሚረከበኝ ሰው ደህና የሚለውን አይቶ ምን ሊያውቅ ነው? የሕፃን ነፍስ ነው እኮ! ደህና ተብሎ...»

ቃሉን ሳይጨርስ ዞሮ የራሱን ወረቀት አየ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለኃላፊው ባትነግራቸውስ?» አለኝ። «እኔም ሥራዬን ማጣት አልፈልግም። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«አይነቅዝም። አጥንት ግን ሰብሯል። ነገ ስብሰባ ላይ እኔ የራሴን እናገራለሁ። የአንተን አንተ ብትናገረው ይሻላል። ካልተናገርክ ግን፣ እወቀው፣ እሱንም እናገራለሁ።»

ላባው የፍሪጁን በር ቀስ ብሎ ዘጋ።

ዓርብ በታካሚዎች መጠበቂያ አግዳሚዎች ላይ ተሰበሰብን። ሲስተር ክንዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከፊት ተቀምጣለች። ኃላፊው ደብዳቤውን አነበቡት። «ከነጂዎች መዝገብ እንደተረጋገጠው ብስክሌቱ በመልካም ሁኔታ ላይ የነበረ በመሆኑ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እጄን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ መዝገቡ አያረጋግጥም።»

«ምን ማለትህ ነው? ያንተው መዝገብ አይደለም እንዴ?»

«ለዚህ ነው የምናገረው።» ደብተሩን ከፍቼ ለሁሉም አሳየሁ፤ አውራ ጣቴን በመጨረሻዋ ቦታ ላይ ስጭናት ሙሉ በሙሉ ተሸፈነች። «ይህች ናት ተሞክሯችሁን ጻፉ ያልኳችሁ። ሰው እዚህ ውስጥ እውነት መጻፍ ቢፈልግ እንኳ ቦታ የለውም። መንፊያዋንም የቆለፍኩባት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት የሦስት ቁጥር አሞርዛተር ሰማንያ መያዝ ሲገባው ሠላሳ ነበር የያዘው። ጠጋኙ ለክተውታል። በዚያ አየር ቁልቁለቱን ወንድም ሴትም አይወርደውም።»

ጎተራው ከኋላ «ቅዳሜ እኮ እኔ መቶ አሥር ሞልቼዋለሁ!» አለ።

«አንተማ ለራስህ ነው የሞላኸው!» አለችው ሲስተር። «ሰኞ ጥርሴን ልታረግፈው ነበር!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ሞልቻለሁ ብለህ ለማን ነገርክ?»

ሳቅና ጉርምርምታ ሆነ። ኃላፊው አግዳሚውን መቱ። «ዝም በሉ! መቶ አሥር የነበረው እንዴት ሠላሳ ሆነ? አየሩን ማን አወጣው?»

እኔ ወደ ላባው አላየሁም፤ ላለማየት ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ መታጠቢያ መመሪያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ልጀምር ስል አግዳሚው ተንቋቋ።

«እኔ ነኝ» አለ ላባው። ቆሟል። «ጥፍሬን ከትቼ አስተነፈስኩት፤ እስኪመቸኝ። ስንት እንደቀረው አላየሁም። ደህና ብዬ ፈረምኩ። ለፍሪጁ ነጥብ ሳላስቀር እጽፋለሁ፤ ከእኔ ቀጥላ ለምትወጣው ሰው ግን አንድ ቁጥር ነፈግኳት። ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያ አጥንት የእኔ እጅ አለበት።»

ሲስተር ወዲያው «ምንም አይደል» አላለችም። በዚህ አከብራታለሁ። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ጋሼ፣ ደብተሩን አንዴ ይዩልኝ። በየወሩ መጨረሻ፣ ከታች፣ 'ታይቷል' የሚለው የማን ፊርማ ነው?»

ኃላፊው ደብተሩን ተቀብለው አገላበጡ። ገለጡ፣ ገለጡ። ሃያ አራት ወር፣ ሃያ አራት «ታይቷል»። ደብዳቤውን አጥፈው ደብተሩ ውስጥ ከተቱና ደብተሩን ዘጉት።

«አላየሁትም» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ቀን አላየሁትም።»

ወገኖቼ፣ ደህና ነኝ መባባል ጥሩ ነገር ነው። ለጎረቤት ሰላምታ ነው፤ ሰው ሰውን እንዳያስጨንቅ የተሠራ ደግ ቃል ነው። ነገር ግን ሌላ ሰው ሕይወቱን ይዞ የሚወጣበትን ነገር «እንዴት ነው?» ተብለን ስንጠየቅ ሰላምታ አይደለም የተጠየቅነው፤ ምስክርነት ነው። ብስክሌትም ይሁን መሰላል፣ የኤሌክትሪክ ገመድም ይሁን ድልድይ፣ ለእኔ የተመቸኝ ለሚቀጥለው ሰው ተመቸ ማለት አይደለም። የነካነውን እንናገር። ልኩን እንናገር። መዝገብ የምናሰምር ደግሞ ለእውነት ቦታ እንተውላት፤ የምንፈርም እንይ። ይህ ሁሉ የሚፈጀው የአንዲት መስመር ያህል ጊዜ ነው። እኛ ግን እሷን መስመር ለመቆጠብ ስንል አንዲት አራስ በሰዓት ልዩነት ልናጣ ነበር።

ደብተሩን በዚያው ቀን ከሰዓት አዲስ አሰመርኩት። ከስፋቱ ግማሹ የአሞርዛተር ነው፤ ሲወጣ ስንት፣ ሲመለስ ስንት፣ ማን ነካው፣ ምን ተሰማው። መንፊያዋም ከቁም ሣጥን ወጥታ ከብስክሌቶቹ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ያለ ቅጽ። ከሥሯ የእያንዳንዱ ነጂ ኪሎና የሚስማማው የአየር ልክ ተጽፏል። ጎተራው ኪሎው ሲለጠፍ ትንሽ አኩርፎ ነበር፤ አልፎለታል።

ይህ ግን ኋላ የሆነ ነው። በስብሰባው ላይ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው እኔ አይደለሁም። ኃላፊው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ሲስተር ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺው ምረጪ» አሏት። «ስትድኚ ካርድ ክፍል መቀመጥ ብትፈልጊ ማንም አይወቅስሽም። ወይስ ወደ ብስክሌቱ?»

ሲስተር በደህናው እጇ አግዳሚውን ተደግፋ ተነሳች። መጀመሪያ ላባውን፣ ከዚያ ጎተራውን፣ ከዚያ እኔን አየችን።

«ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ብሎኛል» አለች። «በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ሦስት ቁጥርን ይዤ ያንኑ ቁልቁለት እወርዳለሁ። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ያን ቀን 'አሞርዛተሩ እንዴት ነው?' ስላችሁ ደህና ነው የሚለኝ ካለ፣ ብስክሌቱን ለእሱ ሰጥቼው በእግሬ ነው የምሄደው። ቁጥሩን ትነግሩኛላችሁ!»